«ደህና ነን» አትበሉኝ

ጻግብጂ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለእታገኝ ልጅ፣ ለሠርካለም፤

ካለሽበት ከኩዌት ምድር የአባቶችሽ አምላክ በክንፉ ይጋርድሽ። አንቺንም፣ የምታስታምሚያቸውን አሮጊትም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኛ ተመስገን ደህና ነን። እኔ ደህና ነኝ፤ ሚስቴ ባንቺም ደህና ናት፤ ላሚቱም ወልዳ ደህና ናት።

ዘንድሮ ማሩ ለጉድ ነው። ክረምቱ ደግ ስለነበር አበባው ቶሎ አልረገፈም፤ ንቦቼም አላሳፈሩኝም። ነጩን ማር ቆርጬ ሰቆጣ ለዓሊዬ ወሰድኩለት። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና «ደሞዝ፣ አንተ ሰውዬ ከንቦቹ ጋር ምን ተዋውለህ ነው?» አለኝ። እንዲህ ያለ ቃል ከነጋዴ አፍ መስማት ቀላል ነገር አይምሰልሽ። ነጋዴ የሚገዛውን ዕቃ አያሞግስም።

ሁሉንም ግን አልቆረጥኩም። ወይራው ላይ የሰቀልኳት ቀፎ ቀረች። እጄን ወደ ላይ ስሰድ የቀኝ ትከሻዬ እምቢ አለ። ከክረምት ጀምሮ ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ ናቅሁት። አሁን ጋቢዬን ለመደረብ ባንቺን መጥራት ጀምሬያለሁ። እሷም «ሙሽራ ሆንክ እንዴ?» እያለች ትስቅብኛለች። በዚያ ጎኔ ከተኛሁ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል የለም።

ምን አባቱ፣ ያልፋል። በዚያ አገር ትከሻ የሚያሞቅ ቅባት አለ ይላሉ፤ የሚመጣ ሰው ካገኘሽ ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም። ደብዳቤሽን እንደ ወትሮው በዓሊዬ ሱቅ በኩል አድርጊው፤ ለገበያ ስወርድ እቀበላለሁ። መንደራችን ውስጥ ስልክ አይይዝም። በዓሊዬ ስልክ እንዳናወራ ደግሞ በርበሬ የሚገዛው ሁሉ ጆሮውን ይጥላል። የቤት ጉዳይ በደብዳቤ ነው የሚያምረው።

አጎትሽ ደሞዝ


ኩዌት፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለአጎቴ ለአያ ደሞዝ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ እኔ እስክመጣ ድረስ ቤትዎን ሙሉ ያድርግልኝ። እትዬ ባንቺን ጉልበቷን ስሜያለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ማማ ነጃት፣ አሮጊቷ፣ እንደ ዕድሜያቸው ደህና ናቸው።

ቅባቱን ወደ አገር በምትገባ ልጅ እጅ ልኬያለሁ። ግን አያ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ፈራሁ። ማማ ነጃት ስኳር በሽታ ካለባቸው ብዙ ዓመት ነው። መጀመሪያ ቀኝ ትከሻቸው፣ ቀጥሎ ግራው ልክ እርስዎ እንደሚሉት ደረቀባቸው። የስኳር መርፌያቸውን በየቀኑ የምወጋቸውም፣ ልብስ የማለብሳቸውም እኔ ነኝ፤ እጅጌውን የማስገባው ከታመመው ክንድ ጀምሬ ነው። እጃቸውን ሊያሠራ ቤት የሚመጣው ሰውዬ፣ ስኳር ያለበት ሰው ትከሻው እንዲህ እንደሚሆን ነግሮኛል። እስኪ ልጠይቅዎት፤ ውሃ ይጠማዎታል? ለሽንት ቶሎ ቶሎ ይነሳሉ? ይደክምዎታል? ሰቆጣ ሲወርዱ ሆስፒታል ገብተው ደምዎን ይታዩልኝ። ጣት ጫፍ ላይ አንዲት ጠብታ ናት፤ ሌላ ነገር የለውም።

እንዲህ የምለምንዎት ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። እናቴ ባረፈች ጊዜ ክረምቱን ሙሉ «እታገኝ ደህና ናት፤ ትስምሻለች» እያላችሁ ጻፋችሁልኝ። መርዶዋን የሰማሁት አትክልት ልገዛ ወጥቼ፣ ከማላውቃት የሰቆጣ ልጅ አፍ ነው። ልጅቷ የማውቅ መስሏት «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። እኔም ቲማቲሙን እንደያዝኩ «ስለ ማን?» ብዬ ጠየቅኳት።

ለሩቅ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ያደግኩበት ነው። ግን ከዚያ ወዲህ «ደህና ነን» የሚለውን ቃል ሳነብ ማን ሞቶ ይሆን እላለሁ። እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩኝ። አይደብቁኝ።

ልጅዎ ሠርካለም


ጻግብጂ፣ ጥር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሠርካለም፤

የጥምቀቱ በረከት ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። እኛ ደህና ነን።

ቅባቱ መጣ። ባንቺ ስታሸኝ ቤቱ መድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይሸታል፤ ንቦቼም ሸሽተውኝ ሰነበቱ። ትከሻዬ ግን ወይ ፍንክች! ቢቸግረኝ ወጌሻውን ሸጋውን አስጠራሁት። ነካ ነካ አደረገና «ወልቆ ነው» አለ። ሁለት ጎረምሶች ደረቴን ይዘውኝ እሱ ክንዴን ጎተተው። በአማርኛም በኻምጣንጋም ተሳደብኩ፤ ለሸጋው እናት እንኳ አልራራሁም። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ተቆለፈ። ክንዴ ከጡቴ በላይ አይወጣም፤ ሲነካካኝ እሳት ነው።

ደብዳቤሽን አንብቤ ግን ተናደድኩ። ስኳር ስኳር የምትዪኝ ምን ሆነሽ ነው? ስኳር ለስላሳ እየጠጣ ወንበር ላይ የሚውል የከተማ ሰው በሽታ ነው። ቂጣና ቆሎ የምበላ፣ ዳገት ስወጣ የምውል ሰው ከየት አመጣዋለሁ? ቁርጡን ንገረኝ ካልሽኝ ደግሞ ስሙን መስማት አልወድም። ጎረቤታችንን ሀይሉን ታስታውሺዋለሽ። ሠርግ ላይ እንደሱ የሚጨፍር አልነበረም። ስኳር አለብህ ካሉት በኋላ መጀመሪያ ጣቱን ቆረጡት፣ ከዚያ እግሩን። አሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላል። ሳልመረመር ቢያንስ ሀይሉን አልሆንም።

ለባንቺ እንኳ ያልነገርኳትን ላንቺ ልንገርሽ። ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ሄጄ ማማተብ አቃተኝ። ግንባሬን ዝቅ አድርጌ ወደ እጄ አመጣሁት፤ ግራ ትከሻዬ ጋ ግን ጣቴ አልደርስ አለኝ። ሰው እንዳያይብኝ ከዛፉ ጀርባ ሆኜ ተሳለምኩ። ልጄ፣ ያን ቀን ፈራሁ። እጅ ለሥራ ቢለግም ደግ፤ ለመስቀል እምቢ ሲል ግን ምን በድዬ ነው ያሰኛል። ባንቺ ዓይን በልቶሃል ትላለች። ማሩ እንዲያ ሲያምር ያየ ሁሉ አፉን ከፍቶ ነበርና ይሆናል።

የሚመጣ ሰው ካለ ትልቅ ኮዳ ላኪልኝ። የያዝኳት ትንሽ ናት፤ ቀፎዎቹ ጋ ሳልደርስ ውሃዋ ያልቅብኛል።

አጎትሽ ደሞዝ


ኩዌት፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአያ ደሞዝ፤

ጾሙን የበረከት ያድርግልዎ። ጸሎትዎ ለእኔም ይድረሰኝ።

ኮዳውን አልልክም። ይቆጡኝ፣ ይርገሙኝ፣ አልልክም። በጥር ብርድ ቀፎው ጋ ሳይደርስ አንድ ኮዳ ውሃ የሚጨርስ ማን ነው? «ውሃ ይጠማዎታል?» ብዬ ጠይቄዎት ነበር፤ ዝም አሉኝ። ዝም ብለው ግን ኮዳ ላኪልኝ አሉ። ያንን መስመር ሳነብ የማማ ነጃት ሾርባ ላዬ ላይ ፈሰሰ።

እናቴ ለመጨረሻ ጊዜ ከሰቆጣ ደውላ ስታናግረኝ ምላሷ እየተጣበቀባት ነበር። «ምንጩን ገልብጬ ብጠጣው አልረካ አልኩ» አለችኝና ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። ሆዷን ታማ ሞተች ነው ያላችሁኝ። እንዴት ነበር የከሳችው አያ? ልብሷ ሰፍቷት ነበር? አሁን ሳስበው እሷም ይኸው ነበረባት እላለሁ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንድ ማህፀን ነው ያፈራችሁ።

ሀይሉን እግሩን ያሳጣው ምርመራው አይደለም፤ ሳይመረመር የቆየባቸው ዓመታት ናቸው። ማማ ነጃት ይኸው ሁለት እግር አላቸው፤ በሁለቱም ቆመው እኔን ይቆጡኛል። መስቀሉም አልተጣላዎትም። እግዚአብሔር ትከሻ እያደረቀ ሰው አይቀጣም፤ ስኳር ነው የሚያደርቀው። ሸጋው ደግሞ ሁለተኛ እንዳይነካዎት! የደረቀ ትከሻ ሲጎተት ይቆጣል፤ እዚህ የሚመጣው ሰውዬ እንኳ ማማን የሚያሠራቸው እንደ ሕፃን እያባበለ ነው።

ዓሊዬን ደውዬ ለምኜዋለሁ። የገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ አብሮዎት ሆስፒታል ይሄዳል። እምቢ እንዳይሉኝ በእታገኝ አጥንት ይዤዎታለሁ። በእናቴ አጥንት አያ፤ ሄደው ይታዩልኝ። ፈርቻለሁ። በቀን ስሠራ እፈራለሁ፣ ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ፣ የሰቆጣ ልጅ ሳገኝ ፊቷን አይቼ እፈራለሁ።

ልጅዎ ሠርካለም


ጻግብጂ፣ መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሠርካለም፤

የአምላክ ቸርነት አይለይሽ። እኛ ደህና ነን።

አሸነፍሽኝ። በእታገኝ አጥንት ከተያዝኩ ወዴት አመልጣለሁ? ዓሊዬ ሱቁን ቆልፎ፣ እጄን ይዞ፣ ባጃጅ ውስጥ ከተተኝ። ሆስፒታል ወረፋው ላይ ቁጭ ብለን እሱ በቁርአኑ እኔ በዳዊቴ ስንጸልይ ለተመለከተን ሰው ከአንድ እናት የተወለድን እንመስል ነበር።

አንዲት ልጅ ጣቴን ወጋችኝ። ትንሿ መሣሪያ ቁጥር አወጣች። ልጅቷ ቁጥሩን አየችና ሌላ ጣቴን ወጋች። ያኔ ገባኝ። ስኳር ነው ልጄ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይሉ የለ? ያየሁት ሀይሉን ነው፤ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠ።

ሐኪሙ ግን ደግ ሰው ነው፤ አላስፈራራኝም። ስኳሩ ደም ውስጥ ብዙ ዓመት ሲቆይ ትከሻን የሚያቅፈውን ሽፋን ያወፍረዋል፣ ያደርቀዋል፣ ያስቆጣዋልም አለኝ። የሸጋውን ጉተታ ስነግረው ራሱን ያዘ። ኪኒን ሰጠኝ፤ ጣፋጭ ነገር ተው አለኝ፤ ክንድህን በየቀኑ ቀስ እያልክ አሠራው አለኝ። ይኸው በየጠዋቱ ግድግዳው ጋ ቆሜ በጣቶቼ እንደ ሸረሪት እወጣለሁ። ባንቺም «ዛሬ የት ደረስክ?» ትለኛለች።

ስለ ጣፋጩ አታስቢ፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ቤት ውስጥ የነበረውን ስኳር አንድ ሳላስቀር ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ሻይ መራራውን እጠጣለሁ፤ ከረሜላ በሕይወቴም በልቼ አላውቅ። ማርማ መድኃኒት ነው፤ የፋብሪካ ዕቃ አይደለም። አቅሜ ስለደከመ ጠዋት በባዶ ሆዴ አንድ ኩባያ ብርዝ እጠጣለሁ፣ ማታ አንድ ኩባያ። ኪኒኑንም የምውጠው በእሱ ነው። የወይራዋን ቀፎ ጎረቤት ቆርጦልኝ አስቀምጬው ነበርና ንጹሕ ማር ነው። ባንቺ ድካሜን ስታይ ታበዛልኛለች። ለትከሻም እንደሱ ያለ የለም።

ጾሙ ነው መሰለኝ ሱሪዬ ሰፍቶኝ በገመድ አስሬዋለሁ። ዓይኔም ጭጋግ ጭጋግ ይልብኛል፤ ዳዊቱ ላይ ፊደሉ ይዋኛል። ይህንንም የጻፍኩት በስንት መከራ ነው፤ ክንዴን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ። ኮዳውን ተይው። መነጽር ላኪልኝ።

አጎትሽ ደሞዝ


ኩዌት፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያ ደሞዝ፤

ለሰላምታው ዛሬ ይማሩኝ፤ ጊዜ የለኝም።

ማሩን ያቁሙ። አሁኑኑ። ማር ስኳር ነው። ንብ ትሥራው ፋብሪካ ይሥራው፣ ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው። አንድ ኩባያ ጠዋት፣ አንድ ኩባያ ማታ! የሻይዎን ማንኪያ ትተው ኩባያ ጨመሩበት። መክሳትዎ ጾሙ አይደለም። ዓይንዎም መነጽር አላጣም። እርስዎ አላወቁም፤ እኔ ነኝ አስቀድሜ መንገር የነበረብኝ፣ ግን የዋግ ሰው መሆኔን ረስቼ ማር ትዝ አላለኝም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰነበተ አሉ። ያንን ሁሉ ቀን እየጠጡት ነበር ማለት ነው። ፖስታውን ጥዬ ለዓሊዬ ደወልኩ፤ እየጮህኩ «ማሩን! ማሩን!» ስለው መጀመሪያ ማር የምገዛ መሰለው። ሲገባው «ያ አላህ፣ እኔም እኮ ማር ጠጣበት፣ ያበረታሃል እለው ነበር» አለ። ነገ በጠዋት ሞተር ይዤ ጻግብጂ እወጣለሁ ብሎ ማለልኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ደግሜ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ የሰቆጣ ስልክ በሙሉ ዝግ ነው።

ይህ ወረቀት ከዓሊዬ ቀድሞ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። እትዬ ባንቺ፣ በልጅነቴ ያጠባሽኝ ሆይ፣ ማሩን ከቤት አውጪው። አያ ሲተነፍስ የበሰበሰ ፍሬ ከሸተተ፣ ካስመለሰው፣ ንግግሩ ከተሳሰረ በቃሬዛም ቢሆን አውርዱት።

ሠርካለም


ጻግብጂ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው ልጃችን ለሠርካለም፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልን? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አጎትሽም ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው ያልጻፈልሽ። ሰላም ብሎሻል። ስለ እኛ አታስቢ። ገንዘብም አትላኪ፣ መድኃኒትም አትላኪ። ወደ አገር ለመምጣትም አትቸኩይ፤ ሥራሽን ያዢ።

ባንቺ ነኝ (የጻፈው ጎረቤት ነው)


ኩዌት፣ ግንቦት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ባንቺ፤ ካለም ለአጎቴ ለደሞዝ፤

ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ። ሁለቴ «ደህና» ይላል። «ሰላም ብሎሻል» ይላል። እናቴም መቃብር ውስጥ ሆና ክረምቱን ሙሉ ሰላም ስትለኝ ነበር።

ዓሊዬ አንድ ቀን መስመር ገባለት። «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ። «ስጠኝና ላናግረው» አልኩ። «ተኝቷል» አለኝ። የት ነው የተኛው አልኩት። ከዚያ ስልኩ ጠፋ፤ እሱ ይዝጋው መስመሩ ይጥፋ አላውቅም። ዓሊዬ ዋሽቶኝ አያውቅም። ግን እሱም የእናንተው አገር ሰው ነው፤ ለሩቅ ሰው መርዶ በስልክ አይነግርም።

ለምንድን ነው መድኃኒት አትላኪ ያላችሁኝ? መድኃኒቱ የማን ነበር? ለምንድን ነው አትምጪ ያላችሁኝ? ለእናቴ ጊዜም «ሥራሽን ያዢ» ነበር ያላችሁኝ፤ ቃል በቃል። አርባው እስኪወጣ ነው የምትጠብቁት? ንገሩኝ።

ጥቁር ልብስ ገዝቻለሁ። አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ልልበሰው ስል፣ በሕይወት ቢኖር በቁሙ አሟርትበታለሁ ብዬ እፈራለሁ። አልልበሰው ስል፣ ሞቶ ቢሆን ያሳደገኝን ሰው በቀይ ሻርፕ እየዞርኩ ነው። ማማ ነጃት አንዱን እንኳ ሳልነግራቸው «ማን ሞተብሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። እንዲህ ያለ መልስ ሰምተው አያውቁም መሰለኝ አብረውኝ አለቀሱ።

አያ፣ ካሉ አንዲት መስመር ይጻፉልኝ። በግራ እጅዎ ይጻፉት፣ ብዕሩን በጥርስዎ ይያዙት፣ ግድ የለኝም። ግን «ደህና ነኝ» ብለው አይጻፉልኝ። እሱንማ ማንም ይጽፈዋል።

ሠርካለም


ሰቆጣ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሠርካለም ልጄ፤

ደህና አይደለሁም።

ይኸው፤ እኔ ነኝ የምጽፈው፣ በቀኝ እጄ። ወረቀቱን ባንቺ ትይዝልኛለች፣ ክንዴን ትራስ ላይ አጋድሜዋለሁ፣ በቀን ጥቂት ጥቂት መስመር እጽፋለሁ። አልሞትኩም። ጥቁሩን ልብስ ለሌላ ሰው ስጪው፤ ወይ ጉድ፣ ሳልሞት መርዶዬን ሲያሰናዱ ኖረዋል። በባንቺ ስም የመጣልሽን ደብዳቤ አላየሁትም፤ የመንደሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነው ያጻፉት። እኔ ያኔ አፌን መክፈት አልችልም ነበር። ሳይተርፍ ቢቀርስ ብለው ነው፤ አትፍረጂባቸው። እኔም ለእናትሽ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርኩ።

እንደነገሩኝ ልንገርሽ፤ እኔ የማስታውሰው ጥቂት ነው። የመጨረሻው ሰሞን ያስመልሰኝ፣ ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር። ከአልጋ አልነሳ አልኩ። ባንቺ የባሰ አቅም ያጣሁ መስሏት ማሩን በማንኪያ ታጎርሰኝ ጀመር። ዓሊዬ ሞተሩን ደጅ ጥሎ ሲገባ ማንኪያው አፌ ላይ ነበር አሉ። ነጠቃትና ወረወረው። እሷም ባሏን ሊገድልባት የመጣ መስሏት እሪ አለች፤ መንደሩ ወጣ። በቃሬዛ እስከ መኪናው መንገድ ተሸከሙኝ፤ ሸጋው ወጌሻው ከፊት ነበር፤ ትከሻዬን እንዳይነኩት ሲጮህባቸው ነበር አሉ። ሆስፒታል ስገባ ማን እንደሆንኩ አላውቅም። ሐኪሙ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አትደርሱም ነበር አላቸው።

ባንቺ እስከ ዛሬ አልተጽናናችም። «በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር» ትላለች። ምን ልበላት? እድሜዬን ሙሉ ማሬን መድኃኒት ነው እያልኩ የሸጥኩት እኔ፣ እሷ ምን አጠፋች?

አሁን ከሆስፒታል ወጥቼ ዓሊዬ ቤት ነኝ። ሚስቱ ሽሮ ስትሠራልኝ «ስኳር የለበትም አባ» እያለች ትስቅብኛለች። ትከሻዬን ጠየቅኳቸው። ስኳሩ ልክ ከገባ ቀስ በቀስ ይላቀቃል፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል አሉኝ። አሁን ክንዴ እስከ አገጬ ይወጣል። ልደብቅሽ አልችልም፤ ግራውም መጠዝጠዝ ጀምሯል። ጣቶቼም ጠዋት ጠዋት አይታጠፉም። ዓይኔ ግን ተመልሷል፤ መነጽሩን ተይው። ቀፎዎቹን ማሩን እኩል ልንካፈል ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ዛፍ መውጣት ለዚህ ዓለም አበቃልኝ መሰለኝ፤ ይህን ስጽፍ እንባዬ መጣ።

ኪኒኑ ብቻውን አይበቃህም ብለውኝ በየቀኑ ኢንሱሊን እወጋለሁ። እስካሁን የምትወጋኝ የሆስፒታሉ ነርስ ነች። ባንቺ አልችልም ብላለች፤ ማንኪያው ትዝ ይላታል መሰለኝ መርፌውን ስታይ ትወጣለች። መድኃኒቱን እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ አስቀምጡት ብለውናል፤ ማሰሮውን ገዝተናል። ሰኞ ጻግብጂ እንመለሳለን። ከሰኞ ጀምሮ የምወጋው እኔው ራሴ ነኝ፤ በግራ እጄ፣ ሆዴ ላይ።

ነርሷ ዛሬ አለማመደችኝ። መርፌዋ እንደ ጭራሮ እንኳ አትወፍርም። ግን እጄ ሆዴ ጋ ደርሶ ቆመ። አላበኝ። የነርሷን ፊት ማየት አፈርኩ፤ ጎልማሳ ሰው፣ ሽበታም፣ በመርፌ ፊት እንደ ሕፃን። ነገ እንሞክራለን ብላ ሄደች። ለዓሊዬ «ወጋሁት» አልኩት። ዋሸሁት ልጄ። ካልወጋሁ እንደምሞት አውቃለሁ፣ ግን እጄ አልሄድ አለኝ። ፈርቻለሁ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ስልኩ አሁን መሥራት ጀምሯል። ዓሊዬን ሱቁ ውስጥ ማንም በሌለበት ሰዓት እንዲያገናኘን ለምኜዋለሁ። ከሰኞ በፊት ይደውልልኝና ደብዳቤው እስኪደርስሽ ሳልጠብቅ ጥያቄዬን እጠይቅሻለሁ፤ እዚህም ጽፌዋለሁ፣ በስልክ ድምፄ ቢከዳኝ እንዲኖርሽ። ማማሽን በየቀኑ ትወጊያቸው የለ? እሳቸውስ ይፈራሉ? መርፌውን ስታስገቢ ምን ትያቸዋለሽ? ለእኔም በይልኝ።

አጎትሽ ደሞዝ